የፋንታሲ ልብ ወለድን ትዕይንት በአክሪሊክ መሣል፦ ከጣርማ በር ጉም እስከ ፍም ዐይን

ፋንታሲ ልብ ወለድ አንብቦ በዐይነ ሕሊናው ያየውን በቀለም ማውጣት ለሚፈልግ ሰው የአሠራሩን ቅደም ተከተል እናቀርባለን። የሚሠራው ቁመቱ 50፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም፣ ሥዕል ነው። የሥራው ቦታ ሰሜን ሸዋ ስለሆነ ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንይዛለን፤ አንደኛው የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ በቀለምና በኮላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አገሩ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል የሚሰጠው ሀብት ነው። ማንም አይቶት የማያውቅ ፍጥረት ተመልካቹን የሚያሳምነው ጉሙ፣ ሣሩና ጸጉሩ በትክክል ከታዩ ነገሮች የተወሰዱ ሲሆኑ ነው።

ዐረፍተ ነገሩን መምረጥ

መጽሐፉን መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዙ ጨርሱት። ሁለተኛ ስታነቡት በየገጹ ብጫቂ ወረቀት እያስገባችሁ ቦታ፣ ብርሃንና አንድ ያልተለመደ ነገር አብረው የተገኙባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለዩ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዐረፍተ ነገሩ ሲነበብ ቢያምርም ለሥዕል ያስቸግራል። ሃያ ሰው የሚተራመስበትን የጦር ሜዳ ለጊዜው ተዉት፤ ጊዜውን የሚበላው የሰው እጅና እግር መሣል ነው፣ የመጽሐፉ ድባብ ደግሞ እዚያው ይጠፋል።

ለልምምድ እንዲሆን ለዚሁ መመሪያ የጻፍነውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦

«እረኛዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ በጎቿን ስትጣራ ከጉሙ የወጣው ሌላ ነበር፤ ጎፈሩ እንደ ሣር ይወዛወዛል፣ ዐይኑ ዐመድ የሸፈነው ፍም ይመስላል።»

አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ጽሑፉ የተናገረውን ጻፉ፦ አፋፍ፣ ጉም፣ እንደ ሣር የሚወዛወዝ ጎፈር፣ ዐመድ የሸፈነው ፍም፣ የምትጣራ እረኛ። በቀኝ በኩል ያልተናገረውን፦ ሰዓቱ ስንት ነው? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ፍጥረቱ ምን ያህል ይተልቃል? እረኛዋ ፊቷን ወይስ ጀርባዋን ነው የሰጠችን? የግራው ግዴታ ነው፣ አይነካም። ሠዓሊው እንደ ልቡ የሚሆነው በቀኙ ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ይገለብጠዋል፤ ጸሐፊው «ዐመድ የሸፈነው ፍም» እያለ እነሱ ሁለት ቀይ አምፖል ይሥላሉ። «እንደ» እና «ይመስላል» ባሉበት ቦታ ሁሉ ቆም በሉ፤ የሥዕሉ ዋና መረጃ ያለው እዚያ ነው።

መጽሐፉ ፊልም የተሠራለት ወይም ሽፋኑ ላይ ሥዕል ያለው ከሆነ የራሳችሁን ንድፍ እስክትጨርሱ ድረስ አትዩት። አንዴ ከታየ እጅ ወደዚያው ይሄዳል።

ለሥዕሉ የሚሆነውን በዐይን መሰብሰብ

ለጉም በሰሜን ሸዋ ካለው ገደላማ ቦታ፣ ከጣርማ በር፣ የተሻለ የለም። ከቆላው የሚነሣው እርጥብና ሞቃት አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ጉም ይለወጣል፤ ስለዚህ ጉሙ ብዙውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ሲሳብ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በዚያው ስለሚያልፍ ከአስፋልቱ ርቃችሁ ቁሙ፤ በጉም ጊዜ ሹፌሮች አያዩዋችሁም።

እዚያ ሆናችሁ የምትመዘግቡት ቀለም ብቻ አይደለም። አንድ ጥቁር እርሳስ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙና ከሩቅ ካለ ቋጥኝ ጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ያለ ጉም ጥቁር የሚመስለው ቋጥኝ ከእርሳሱ ጋር ሲነጻጸር ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጉም ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥቁሩ ነው፤ ነጩና ጥቁሩ እየተቀራረቡ ሄደው በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ። ደግሞም የነገሮች እግር ከአናታቸው ቀድሞ ይጠፋል። ለፋንታሲ ሥዕል ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ የፍጥረቱ እግር ምን ዓይነት እንደሆነ ጽሑፉ ካልነገረን ጉሙ ይሸፍንልናል።

ለጎፈሩ ጭላዳ ዝንጀሮን አጥኑ። በመንዝ ጓሳ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ ባሉት ገደላማ ቦታዎች ይገኛል። የወንዱ ጎፈር ሲቀመጥ ከትከሻው ወርዶ ጎኑን ይሸፍናል። ነፋስ ሲመታው አንድ ላይ አይነሣም፤ በዘለላ በዘለላ ይከፈላል፣ በዘለላዎቹ መካከልም ጨለማ ክፍተት ይታያል። ያንን ክፍተት ካልሣላችሁ ጎፈሩ እንደ ብርድ ልብስ ዝርግ ይሆናል። የጓሳ ሣርም እንዲሁ ችምችም ብሎ በጉንጉን በጉንጉን ይበቅላል፤ ጫፉ ደረቅ ገለባማ፣ ሥሩ አረንጓዴ ነው። የአምስት ደቂቃ ንድፎች ሥሩ፤ ፎቶም አንሡ፣ ግን ፎቶው ብቻውን አይበቃም፤ ስልክ ጉሙን ከዐይን ይልቅ አንጥቶ፣ ጥላውን አጥቁሮ ያወጣዋል። ጭላዳውን ምግብ አትስጡት፣ አታባሩት። ጓሳው በማኅበረሰቡ ሕግ የሚጠበቅ ስለሆነ ሣሩን አትጨዱ፤ ለመሣል ማየት ይበቃል።

ፍጥረቱን ስትገነቡ ከሦስት እንስሳ በላይ አትቀላቅሉ። ለምሳሌያችን የጭላዳ ጎፈር፣ የመንዝ አውራ በግ ጠምዛዛ ቀንድና የበሬ ትከሻ ይበቃል። በሬውን የምንወስደው ለክብደቱ ነው፤ ቆሞ ሲያርፍ ትከሻው የት እንደሚያብጥ፣ አንገቱ ከየት እንደሚነሣ አጥኑ። አራተኛና አምስተኛ እንስሳ ሲጨመር ፍጥረቱ የተለያዩ ቁራጮች ስብስብ መሆኑ ይታወቃል።

ፊቱን ወዴት እንደምታዞሩት ለመወሰን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የኖሩበት ሥርዓት ይረዳል። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዐይን ይሥሉታል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ጋር ባለበት ሥዕል ዘንዶን የሚያውቅ አገር ነው ያለን። መጽሐፉ ፍጥረቱን ክፉ ነው ካለ በጎን፣ ደግ ነው ካለ ፊት ለፊት አድርጉት። ገና ያልታወቀ ከሆነ ፊቱ በከፊል ዞሮ ሁለተኛው ዐይን በጎፈሩ ጥላ ቢደበቅ እኛ የምንመርጠው ነው።

ልብ በሉ፣ የልብ ወለዱ ዓለም የራሱ አገር አለው። እረኛዋ መጽሐፉ ውስጥ የብረት ጥሩር ከለበሰች በርኖስ አታልብሷት። ከዚህ የምንወስደው የሱፍ ልብስ በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጉም እንዴት እንደሚሄድ ነው።

ንድፍ

4 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ሳጥኖች አስምሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫና ጥቁር ብቻ በመጠቀም የተለያየ አቀማመጥ ሞክሩ፤ ለአንዱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትስጡ። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት ሜትር ራቁ። ከዚያ ርቀት ማን የት እንዳለ የሚለየውን ምረጡ።

መጠኑን በቁጥር ወስኑት። እረኛዋ 1.60 ሜትር ናት ብንልና በሥዕሉ 4 ሳንቲ ሜትር ብትሆን፣ 1 ሳንቲ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትርን ይወክላል። 16 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፍጥረት በእሷ ርቀት ላይ ቢቆም 6.40 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከእሷ ኋላ ርቆ ከቆመ ደግሞ በተመሳሳይ 16 ሳንቲ ሜትር እጅግ ይገዝፋል፤ ይህን ለማሳየት ግን እሷ ከያዘችው ጥቁር ይልቅ የእሱን ጥቁር ማፍዘዝ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። ነገሮችን በጥቁር መስመር ከቦ ቀለሙን በየክፍሉ መሙላት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መንገድ ነው፤ አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወትም ጉልበቱን የሚያገኘው በጥቁር መስመር ከተለያዩ ደማቅ ቀለሞች ነው። ያማረ መንገድ ነው፤ ለደማቅና ለግልጽ ትዕይንት እሱን ያዙ። ለጉም ግን አይሆንም፤ ጉም የሚኖረው ጠርዝ ሲጠፋ ነው። ሁለቱን አንድ ሥዕል ላይ አታደባልቁ።

ሰሌዳውን ማዘጋጀት

የሚያስፈልገው፦ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ፣ 50 በ60 አቡጀዲ፣ የአናጢ ነጭ ኮላ፣ ነጭ ጠመኔ፣ ነጭ አክሪሊክ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት።

አቡጀዲውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለበት፣ ኮላ አያስገባም፤ ሳይታጠብ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ተኮማትሮ ሰሌዳውን ያጎብጠዋል። ሲደርቅ ተኩሱት። ኮምፔንሳቶውን በብርጭቆ ወረቀት አሻሽታችሁ አቧራውን ጥረጉና ኮላውን ሳታቀጥኑ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጨርቁን አንጥፋችሁ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ ግፉት፤ ከዳር ከጀመራችሁ አየር መሐል ይታፈንና ያብጣል። በየጎኑ የተረፈውን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አጥፋችሁ ለጥፉ። አንድ ሙሉ ቀን ይደር።

መሠረቱን፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጭ ሽፋን፣ እንዲህ አዘጋጁ፦ 1 ሲኒ ነጭ ኮላ በ1 ሲኒ ውሃ አቅጥኑ፤ 2 ሲኒ የተነፋ የጠመኔ ዱቄት ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት፤ በመጨረሻ ግማሽ ሲኒ ነጭ አክሪሊክ። ውፍረቱ የእርጎ ያህል ይሁን። ሦስት ስስ ቅብ ቀቡ፤ አንዱን አግድም፣ ቀጣዩን ሽቅብ፤ በየመሐሉ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ጠመኔው ከበዛ መሠረቱ ይሰነጣጠቃል፤ ካነሰ ይለሰልስና ቀለሙ ይንሸራተታል። በጠመኔ ፈንታ የግንብ ሥራ ጀሶ አትጠቀሙ፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጣሳው ውስጥ እያለ ይጠነክራል።

ብርዱ

ይህ ክፍል ሲዘለል ሥራው ሁሉ ይበላሻል። አክሪሊክም ነጭ ኮላም ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው አንድ ሽፋን መሆን አለባቸው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ግን ጠንክረው ይቀሩና አይጣበቁም። ላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፣ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይላቀቃል፤ ወይም ከሳምንት በኋላ ይሰነጠቃል። ደብረ ብርሃንም ሆነ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ቀቡና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት። የቀለም ቱቦዎቹን ሌሊት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ አታሳድሩ፤ ከበረደ በኋላ እንደ አይብ የቆጠረ አክሪሊክ አይመለስም።

እንዲሞቅ ብሎ ሥዕሉን ከሰል ምድጃ ዳር ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲከተል ይሰነጥቀዋል፣ ጥላሸቱም በጉሙ ላይ ይቀመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ደግሞ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ሰሌዳውን ሰው በሚኖርበት ክፍል፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ።

በበጋ ደረቁ ነፋስ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል፤ ቀለሙ ሳህን ላይ ይደርቃል። ሳህኑ ላይ እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙን እዚያ ላይ አድርጉ።

ማሸጋገርና ቀለም መቀባት

የመረጣችሁትን ንድፍ 16 በ20 አድርጋችሁ እንደገና ሣሉና በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሉት። ሰሌዳውን በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ክፈሉ። ሁለቱም 8 በ10፣ ማለትም 80 ካሬ ይሆናሉ፤ ካሬ በካሬ ገልብጡ። በእርሳስ፣ በስሱ። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ከነጩ ሥር ሰርስሮ ይወጣል።

አምስት ቀለም ይበቃል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡኒ)፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ደማቅ ቀይና ቲታኒየም ነጭ። ነጩን እጥፍ ግዙ። ጥቁር አትግዙ፤ አልትራማሪንና በርንት ሲየና እኩል ሲቀላቀሉ ከቱቦ ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣሉ። ውሃው ከቀለሙ እኩል እንዳያልፍ፤ ሲበዛ ቀለሙ የሚይዘው አጥቶ ይረግፋል። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር እያንዳንዱን ድብልቅ ወረቀት ላይ ሞክራችሁ ሲደርቅ እዩት።

መጀመሪያ ሰሌዳውን በሙሉ በቀጭን የሎ ኦከር ቀቡ። ሲደርቅ ጉሙን ከሩቁ ጀምሩ፦ 8 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ አልትራማሪን፣ በጣም ጥቂት በርንት ሲየና። ሩቅ ያለውን ገደል በዚሁ ድብልቅ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ብቻ ጨምራችሁ ሣሉት። ፍጥረቱን መካከለኛ በሆነ ጨለማ አስቀምጡ። ከዚያ በትንሹ ቀለም የነካ ሰፊ ብሩሽ በፍጥረቱ እግር ላይ ነጩን እያሻሻችሁ፣ ከመድረቁ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጠርዙን አጥፉ። ይህን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙ፣ በየመሐሉ ይድረቅ። በአንድ ወፍራም ቅብ የተሠራ ጉም የተለጠፈ ጥጥ ይመስላል።

ጎፈሩን ከጨለማው ጀምራችሁ ወደ ብርሃኑ ሂዱ። ክፍተቶቹን በጨለማው ድብልቅ፣ ዘለላዎቹን በበርንት ሲየናና በየሎ ኦከር፣ ጫፎቹን ነጭ በተጨመረበት የሎ ኦከር። ያረጀ፣ ጸጉሩ የተበተነ ብሩሽ ከአዲስ ይሻላል። ብሩሹን ከሥር ወደ ጫፍ ሳቡና መጨረሻ ላይ አንሡት። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ስለወሰናችሁ ጎፈሩም፣ ሣሩም፣ የእረኛዋ ልብስም ወደ አንድ ወገን ይሂዱ።

አሁን ዐይኑ። ማታ ምድጃ ውስጥ የቀረ ፍም ቀርባችሁ ተመልከቱ። መላው ቀይ አይደለም። ዐመዱ በተሰነጠቀበት ቦታ መሐሉ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ወደ ዳር ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጥቁር ቀይ ይሆንና በግራጫው ዐመድ ይዋጣል። ግራጫው ከቀዩ ቦታ ይበዛል። ዐይኑን በዚህ ቅደም ተከተል ገልብጡት፦ በመጀመሪያ ግራጫ ክብ፣ በላዩ ላይ ቀጭንና ያልተስተካከለ የጥቁር ቀይ ስንጥቅ፣ በእሱ ውስጥ ቀዩ በየሎ ኦከር ተቀላቅሎ፣ በመጨረሻ ከመርፌ ጫፍ ጥቂት የሚበልጥ ነጭና የሎ ኦከር። ብርሃን የሚመስለው ዙሪያው ሲፈዝ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ደማቅ ቀይ አትጠቀሙ፣ የእረኛዋ መቀነት ላይም ቢሆን።

እረኛዋን መጨረሻ ላይ ሣሉ። በጣም ጨለማው ቀለምና በጣም ጥርት ያለው ጠርዝ የእሷ ነው። ፍጥረቱ ከሌላ ሥዕል ተቆርጦ የተለጠፈ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ጥርት ማለቱ ነው፤ ጭንቅላቱን ተዉና ሆዱንና እግሩን አደብዝዙ።

እውነተኛ ሱፍ ለመጨመር

ከፊት ያለውን ሣር ወይም የጎፈሩን ጥቂት ዘለላ በመንዝ በግ ጸጉር መሥራት ይቻላል። እፍኝ ጸጉር ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት። አትሹት፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃም በድንገት አታዛውሩት፤ ተቆላልፎ ይጠነክራል። ቅባቱ ካልወጣ ኮላው አይዘውም። ጥላ ላይ አድርቁ። ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ሥሩን ብቻ ባልቀጠነ ኮላ ለጥፉ፣ ጫፉን ነጻ ተዉት። ሱፉን ከፊት ብቻ አድርጉት፤ ሩቅ ጉም ውስጥ ከገባ ርቀቱን ያጠፋዋል።

ማጠናቀቅና መስቀል

ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ በብርድ ወራት አንድ ወር። ከዚያ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ሁለት ስስ ቅብ፣ ሱፉን ሳትነኩ። የቤት ዕቃ ቫርኒሽ አትጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ ጉሙን ቢጫ ያደርገዋል።

ሥዕሉን ለመሸጥ ወይም በመጽሐፉ ስም ለማሳየት ካሰባችሁ ከደራሲው ወይም ከመብቱ ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል።

ከጀርባው ዐረፍተ ነገሩን ከነገጹ፣ የተጠቀማችሁባቸውን ቀለሞችና የተሠራበትን ወር በእርሳስ ጻፉ፤ በኋላ ጭረት ቢደርስበት የትኛውን ድብልቅ እንደምትመልሱ ታውቃላችሁ። የደጋው ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ በመስኮት ትይዩ አትስቀሉት። ጭስ ካለበት ማድ ቤት አርቁት። የድንጋይ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ስለሚያወጣ ከጀርባው በአራቱም ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ ለጥፋችሁ አየር እንዲያልፍ አድርጉ።